ዘር ሳይሆን ዘመድ ይቆጠር

በሲያትልና በአካባቢዋ ከሚኖረው ኢትዮጵያዊ ስዊዲሽ ሆስፒታልን የማያውቅ ጥቂት ነው። አንዱ ልጁን የወለደበት፣ ሌላው የሚሠራበት፣ ሌላው ታማሚ የጠየቀበት ነው። ስሙ የመጣው በ1910 (እ.ኤ.አ.) ካቋቋሙት የስዊድን ስደተኞች ነው። የመሰሎቻቸው የልጅ ልጆች ዛሬ ባላርድ ተቀምጠው የቅድመ አያታቸውን መንደር ያፈላልጋሉ፤ ሲያገኙም ስዊድን ድረስ ተጉዘው ከማያውቁት ዘመድ ጋር ማዕድ ይቀርባሉ።

ይህን የቻሉት የስዊድን ቤተ ክርስቲያን በ1686 በወጣ ሕግ የተወለደውን፣ ያገባውንና የሞተውን በየደብሩ መዝገብ እንድትጽፍ ስለ ታዘዘች ነው። ስዊድናውያንም ቀድሞ እንደ ሐበሻ በአባት ስም ይጠሩ ነበር፤ አንደርሶን ማለት የአንደርስ ልጅ ማለት ነው። መዝገቡ ስለነበረ ግን ስሙ በየትውልዱ ቢለዋወጥም ሐረጉ አልጠፋም።

በኢትዮጵያ መዝገቡ የሽማግሌ አእምሮ ነበር። በአማራው አገር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው በከንቱ አልነበረም። ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ይጠብቃል፤ ርስትም የሚገኘው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ ላስረዳ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲሆን ይህ ሁለተኛው ምክንያት ቀረ። አገር አቀፍ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አብዛኛው በቃል ብቻ የተያዘ ነው፤ ቃልም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

በስካይዌይ ችግሩ ይብሳል። አንዱ ወንድም በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም ወረቀቱን ይሞላና የአንድ እናት ልጆች ሁለት የቤተሰብ ስም ይዘው ይቀራሉ። ልጆቻቸው ሬንተን በአንድ ክፍል ቢማሩ እንኳ በስማቸው ዘመድነታቸውን አያውቁትም።

መጥፋት ምን እንደሆነ በስዊድን ያደገው ታዋቂው የምግብ ባለሙያ ማርከስ ሳሙኤልሰን ያውቀዋል። በኢትዮጵያ ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ነበር። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞታ እሱና እኅቱ በስዊድናውያን እጅ አደጉ። ሞቷል ብሎ ያሰበው አባቱ በሕይወት እንዳለና ስምንት የአባት ልጆች እንዳሉት የተረዳው ካደገ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. እስከ ከለከለችበት ጊዜ ድረስ ወደ አሜሪካም በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት መጥተዋል። ዛሬ አድገው ወገናቸውን የሚፈልጉ አሉ። በምራቅ የሚደረገው የዘር ምርመራ ዘመድን የሚያገናኘው ዘመዱም ከተመረመረ ብቻ ነው። በገጠር ያለች አክስት ይህን አላደረገችም። ልጁን የሚያደርሰው የመንደሩንና የደብሩን ስም የሚያስታውስ ሰው ነው።

«ዘር መቁጠር አገር አፍርሷል፤ ደግሞ እዚህ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ብዙ ደም ፈስሶበታል። ነገር ግን ዘር ቆጣሪው የሚፈልገውን አንድ አባት ይዞ ሌላውን ይተዋል። ዘመድ ቆጣሪ ግን በእናትም በአባትም ይወጣል፤ ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ በሰባተኛው ትውልድ 128 ሰው ይደርሳል። ከ128ቱ መካከል ሌላ ቋንቋ የተናገረ፣ በሌላ እምነት የኖረ፣ ከሌላ አገር ተሰዶ የመጣ ያልተገኘበት ቤተሰብ ቢኖር ጥቂት ነው። በትክክል የቆጠረ ሰው ጎረቤቱን ባዕድ ለማለት ይቸገራል።

ስለዚህ በስካይዌይ ያለ ወላጅ ሁሉ በመጪው እሑድ አገር ቤት ያሉትን ትልቁን ሰው በስልክ ይጠይቅ። የሴቶቹ ስም እንዳይዘለል፤ መንደሩ፣ ደብሩ ወይም መስጊዱ፣ የክርስትና ስሙ ይጻፍ። ጥያቄውን ልጆቹ ራሳቸው ቢያቀርቡ፣ አማርኛቸው ቢሰባበርም፣ እማማ ደስ ይላቸዋል። ለልደት ድግስ ወር ሙሉ የሚዘጋጅ ቤተሰብ ለዚህ አንድ ሰዓት አያጣም። ደብተሩም ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ።