ለልጅ የሰጣችሁትን ውክልና አውጥታችሁ አንብቡት

የሮቤና የጎባ እኩዮቼ፣ ኦቦዎች፣ ጋሼዎች፣ ሐጂዎች፣ አዴዎች! ችግኝ እያፈላችሁ፣ የሆቴልና የመሥሪያ ቤት ግቢ እያስዋባችሁ የኖራችሁትን ነው የምጠራው። ጉልበታችን ከድቶናል። መደብ ላይ አጎንብሰን የምንውልበት ዘመን ስላለፈ ብዙዎቻችን ለልጅ ወይም ለወንድም ልጅ ውክልና እየሰጠን ነው። መስጠቱ ተገቢ ነው። አሰጣጣችን ግን ያስፈራኛል።

ውክልናውን የሚጽፍልን ጸሐፊ የተዘጋጀ ጽሑፍ አለው፤ ስማችንን ብቻ ይቀይርበታል። የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ከባንክ እንዲበደር፣ በመያዣ እንዲያሲዝ፣ በምትኩም ሌላ ሰው እንዲወክል ይላል። እኛ ያለ መነጽር እንፈርማለን። አንድ ችግኝ ጣቢያ ለማስተዳደር ይህ ሁሉ ሥልጣን ለምን ያስፈልጋል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ለይቶ አስቀምጦታል። በቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ንብረት ይጠብቃል፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ያከራያል፣ ያልተከፈለ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ዕዳ ይከፍላል፤ ሰብል፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ዕቃና የሚበላሽ ነገርም ይሸጣል። ይህን ወደ እኛ ሥራ አምጡት። የደረሰውን ጥድ፣ ኮሶና ጽጌረዳ መሸጥ፣ ከሆቴሉ ቀሪ ክፍያ መቀበል፣ የቀን ሠራተኛ ሒሳብ መዝጋት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ በስማችን መክሰስና መከሰስ ግን በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። አልከፍልም ያለ ደንበኛ ካለ ለዚያ ክርክር ብቻ ልዩ ውክልና ስጡ። ከዕለት ሥራው ጋር የዕድሜ ልክ ቤታችሁን አብራችሁ አታስረክቡ።

ልጄን እንዴት ትጠረጥርብኛለህ የሚለኝ ይኖራል። ልጁን አልጠረጠርኩም። ደግ ልጅም አይሱዙ ልግዛ ብሎ ሊበደር፣ ብድሩንም መክፈል ሊያቅተው ይችላል። ባንኩ ቤቱን ለጨረታ ሲያወጣ ፊርማው ሕጋዊ ነው፤ ሥልጣኑን የሰጠነውም እኛው ነን። ደግሞም በትዳር የፈራ ሀብት የጋራ ነው። ሚስት ያልተስማማችበት የጋራ ቤት ሽያጭ ለክርክር የተዳረገ ነውና እሷ የምትሰጠውን የራሷን ቃል በእናንተ ፊርማ ለመሸፈን አትሞክሩ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አብዛኞቻችን ውክልና የምንሰጠው ስንወድቅ እንዲቆምልን ብለን ነው። ሕጉ ግን በቁጥር 2232፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ወካዩ ሲሞት ወይም በሕግ ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል ይላል። እስቲ አስቡት፤ በታኅሣሥ ስትሮክ ጥሎን ጎባ ሆስፒታል ተኛን፣ አእምሯችንም ሰውን መለየት ተሳነው እንበል። ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚያስተዳድር ሰው ያስሾማል። ቀጠሮ አለ፣ ምስክር አለ፣ የሐኪም ማስረጃ አለ። በዚህ መሀል ሠራተኛው ካልተከፈለው ይሄዳል። ሌሊቱን የጎባ ውርጭ ያልተሸፈነውን ችግኝ ያቃጥላል፤ ቀን የሚያጠጣ የለም። ለክረምቱ ተከላ ቀብድ የተቀበልንበት ችግኝ ያልቃል፤ ቀብዱ ግን ዕዳ ሆኖ ይቀራል። አልጋ ላይ ሆኜ እፈርማለሁ ማለትም አያዋጣም፤ የሚያረጋግጠው ሹም የምንሰጠውን ነገር የማንረዳ መሆናችንን ካየ ሰነዱን አያጸድቅም።

ስለዚህ ጤና ሳላችሁ፣ ችሎታ ባጣ የችግኝ ጣቢያው የአስተዳደር ሥራ በዚህ ተወካይ እጅ ይቀጥላል የሚል ግልጽ ቃል አስገቡ። ቃሉን የሕግ ባለሙያ ይጻፈው እንጂ ከተዘጋጀ ጽሑፍ አይቀዳ። ሒሳቡን በየወሩ ለማን እንደሚያሳይም ይጠቀስ፤ ተወካይ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበትና መጠየቅ ነውር አይደለም። ድርጅታችሁን በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ባለ አንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አድርጋችሁ ከሆነ ደግሞ የግል ውክልናችሁ ለማኅበሩ አይበቃም፤ የሥራ አስኪያጁን ነገር ለብቻው አስተካክሉ።

ቀድሞ የተሰጡት ውክልናዎችስ? አይሻርም የሚል ቃል ቢኖርበትም ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። ነገር ግን በቃል "ከእንግዲህ ተወው" ማለት ሦስተኛ ወገንን አያግድም። ስረዛውን ውክልናው በተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፣ ዋናውን ሰነድ ከተወካዩ እጅ ተቀበሉ። ከዚያም ለባንኩ፣ ለገቢዎችና ውል ላላችሁ ደንበኛ ሁሉ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ደብዳቤው የደረሰበትን ፊርማና ቀን የያዘውን ቅጂም ቤታችሁ አስቀምጡ።