የሲኒውን ስሕተት ያየ ዓይን

የጥላሁን ጉግሳን «ቤቶች» እያየን ያደግን ተማሪዎች ስለ ቤተ ሰብ አስቂኝ ድራማ ፍርድ ለመስጠት ማንንም አንጠብቅም። ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመዝናኛ ክፍላችን ስሙን የማልጠራውን ሌላ የቆየ ድራማ ስናይ፣ ባልየው ቡናውን ጨልጦ ሲኒውን አስቀመጠ፤ ካሜራው ወደ ሚስቱ ዞሮ ሲመለስ ሲኒው ሞልቶ ተገኘ። «ሲኒው ምንጭ አለው እንዴ!» አለ አንዱ፤ ክፍሉም በፉጨት ተናጋ። ስለዚሁ ፉጨት ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ።

እንዲህ ያለው ስሕተት ሁልጊዜ የስንፍና ምልክት አይደለም። አንድ ትዕይንት ተደጋግሞ ይቀረጻል፤ ፊልሙን የሚያቀናብረውም ሰው የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ተዋናዩ አሳምሮ የተጫወተበትን እንጂ ሲኒው የተስተካከለበትን አይደለም። በአሜሪካ «ዘ ሃኒሙነርስ» በተባለው የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድራማ የሚታወቀው ጃኪ ግሊሰን ልምምድ አይወድም ነበር፤ ቃል ሲጠፋው ሆዱን መታ መታ ሲያደርግ ባልደረቦቹ ይደርሱለት ነበር ይባላል። ተመልካቹ ግን ወደደው።

ከዚህ የሚከብድ ስሕተትም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1984 በታየው «ሃፒ ዴይስ» ውስጥ ቸክ የተባለው የቤቱ የበኵር ልጅ ያለ አንዳች ማብራሪያ ጠፋ፤ በመጨረሻውም ክፍል አባትየው ስለ ሁለት ልጆቹ ብቻ ተናገረ። እዚህ የተረሳው ሲኒ ሳይሆን ሰው ነው።

እኛስ? በዚያው ምሽት፣ በዚያው ድራማ፣ ከእንጅባራ መጣሁ የምትል የቤት ሠራተኛ ነበረች። ለማሣቅ ሲባል «ተ»ን ሁሉ «ጠ» እያደረገች ትናገራለች። አውንጊ ግን እንደ «ጠ» እና «ጨ» ያሉ ድምፆች የሉትም፤ በዳንግላ ገበያም ሆነ በእንጅባራ እንደዚያ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም። ደራሲው ከየአገሩ የለቃቀመውን አነጋገር በአንዲት ሴት አፍ ጨመረው። ይህም በፊልሙ ላይ የቀረ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ሲኒውን ካዩት ሁሉ አንድ ሰው እንኳ አላፏጨም። አፌን የፈታሁት በአውንጊ ነው፤ እኔም አብሬ ሥቄአለሁ። ያሳፈረኝም ይኸው ነው።

የትያትር ክበባችን ለዓመቱ መዝጊያ የቤተ ሰብ አስቂኝ ትያትር ለማዘጋጀት አስቧል። የክበቡ አባሎችና የሚረዱን መምህራን አንድ ነገር እንዲያደርጉ እለምናለሁ፤ ይኸውም፣ የገጠር ሰው በመድረክ ከመቆሙ በፊት ጽሑፉ የዚያ አገር ልጅ ለሆነ ተማሪ ይነበብ፤ «እንዲህ አንልም» ሲል ይታረም። ሳቁ አይቀንስም፤ የአዊ ሰው ራሱ በራሱ መቀለድ ያውቃልና።

ሲኒው ቢሞላም ባይሞላም ግድ የለም።