ለአረጋውያን ጤና ፍቅር ብቻ አይበቃም

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ሐሙሲት የምትባል ከተማ አለች። በገበያ ቀን ወደዚያ ብትሄዱ በምርኩዝ ተደግፈው የሚመጡ አረጋውያንን ታያላችሁ። አንዳንዶቹ ዓይናቸው ፈዟል፤ ሌሎቹ ጉልበታቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ምን እንደ ሆኑ ብትጠይቋቸው፣ «ምን ይደረግ ልጄ፣ እርጅና ነው» ብለው ይመልሱላችኋል።

በእርግጥ ሁሉም እርጅና ነውን? አይደለም። ዓይንን የሚጋርደው ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታም በጊዜ ከታወቁ በመድኃኒትና በአመጋገብ ጥንቃቄ ሊገቱ ይችላሉ። በሽታውን እርጅና ብለን ስንጠራው፣ ሊረዳ የሚችለውን ሰው ያለ ረዳት እንተወዋለን።

ደግሞም የአረጋውያን ሕመም የራሱ ጠባይ አለው። ወጣቱን በትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው የሳንባ ምች፣ አረጋዊውን ያለ ትኩሳት ሊያደክምና አእምሯቸውን ሊያደናግር ይችላል። ኩላሊት በዕድሜ ስለሚደክም፣ ለጎልማሳ የሚስማማው የመድኃኒት መጠን ለእነርሱ ሊበዛ ይችላል። ይህን ለይቶ ለማወቅ ትምህርት ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ግን በአገራችን እጅግ ጥቂት ናቸው።

«የእናቶችና የሕፃናት ችግር ሳያልቅ ስለ አረጋውያን ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አገራችን ችግሯን አይታ ባለሙያ ማሠልጠንን ታውቅበታለች። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር አሰማርቷል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። በመጀመሪያዎቹ 16 የሥራ ዘርፎች ውስጥ የእናቶች፣ የሕፃናትና የወጣቶች ጤና ነበረበት፤ ለአረጋውያን የተለየ ዘርፍ ግን አልነበረም።

እንግዲህ መፍትሔው ከእኛ የራቀ አይደለም። ሕፃኑን ለማየት ወደ ቤት የምትገባው ባለሙያ፣ በዚያው ቤት በመደብ ላይ የተቀመጡትን አያት ታገኛለች። የደም ግፊት መለካትን፣ የዓይን ሞራን መለየትንና ሕመምተኛን ወደ ሐኪም መላክን በሚገባ ብትማር ሁለቱንም ትረዳለች። በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር ያሉት ዩኒቨርሲቲዎችም የአረጋውያንን ሕክምና ለሁሉም የጤና ተማሪዎች በስፋት ሊያስተምሩ ይገባል። በሽታ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና።

እናንተም ተማሪዎች፣ የወደፊት ሙያችሁን የምትመርጡበት ጊዜ ቀርቧል። ዛሬ አያታችሁ «እርጅና ነው» ሲሉ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ነገ ደግሞ በጤና ጣቢያው ውስጥ ሕመማቸውን የሚረዳላቸው ባለሙያ ከእናንተ መካከል ይገኝ። አረጋውያንን ማክበር ከመቀመጫ መነሣት ብቻ ሳይሆን፣ ሕመማቸውን ዐውቆ መርዳትም ነው።