የጤፉ ቁጥር እንዴት ይመጣል?

በኮልፌ ቀራንዮ ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው «የጤፍ ምርት በሄክታር ይህን ያህል አደገ» የሚል ወሬ በራዲዮ ሲሰማ «ታዲያ ዋጋው ምነው አልወረደ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር የምርቱ ቁጥር ግን ጭማሪ ያሳይ ስለ ነበር በቁጥሩ ላይ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። እንግዲህ ነጋዴውን ብቻ ከመውቀስ ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ መመርመር ይበጃል።

ገበሬ ሁሉ አዝመራውን በሚዛን አያወጣም። ስለዚህ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት የቆጠራ ቦታዎችን፥ ከየቦታውም 20 የገበሬ ቤተሰቦችን በዕጣ ይመርጣል። ቁጥር ሰብሳቢው ከደረሰው ማሳ ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ከልሎ ያሳጭዳል፤ ፍሬው ተወቅቶና ደርቆ ይመዘናል።

በአንድ ሄክታር ውስጥ እንዲህ ያለ ክልል 625 ጊዜ ይገባል። ስለሆነም የ100 ግራም ስሕተት በሄክታር 62 ኪሎ ተኩል ይሆናል። አንዱ ጋ ቢበዛ፥ ሌላው ጋ ቢያንስ በማሳው ብዛት ይካካሳል። ሰብሳቢዎቹ ሁሉ ፍሬው ወደ አማረበት ጥግ ያዘነበሉ እንደ ሆነ ግን ሺህ ማሳ ቢታጨድም አይታረም። ትንሽ ክልል ምርትን እንደሚያጋንን የህንዱ ሊቅ ሱካትሜ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሳይቷል። መሥሪያ ቤቱ በሪፖርቱ መጨረሻ የናሙናውን ስሕተት ልክ ያትማል፤ ያን ገጽ የሚገልጥ ሹም ወይም ጋዜጠኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቢገለጥም ይህ ዓይነቱ ማዘንበል እዚያ ውስጥ አይታይም።

በ1996 ዓ.ም. በሄክታር 8 ኩንታል ገደማ የነበረው ጤፍ በ2013 ዓ.ም. ከ18 ኩንታል በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ዕድገት የለም አልልም። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ ጤፍም፥ ማዳበሪያውም ሥራ ሠርተዋል። ይሁን እንጂ ዝናብ የበጀውን ዓመት ዝናብ ካጠረው ጋራ፥ የምሥራቅ ጎጃምን ማሳ ከሰሜን ወሎው ጋራ አስተያይቶ አንዱን ገበሬ ትጉህ ሌላውን ሰነፍ ማለት የአፈርንና የሰማይን ሥራ ለሰው መስጠት ነው። እያንዳንዱ ዞን ከራሱ ያለፉ ብዙ ዓመታት ጋራ ይመዛዘን።

ደግሞም በየዞኑ ጥቂት ማሳዎች በዕጣ ወጥተው ሙሉ በሙሉ ታጭደው ይመዘኑ፤ ውጤቱም ከ16ቱ ሜትር ካሬ ውጤት ጎን ይታተም። ወጪው ይበዛል የሚል ቢኖር፥ ምርት ተትረፍርፏል ተብሎ በጊዜው ሳይገዛ የቀረ ስንዴ ነሐሴ ላይ በስንት እንደሚገኝ አብሮ ያስላ።