ሚዛኑንስ ማን ይመዝነው?

የመርሳን የቀትር ፀሐይ የቀመሰ ያውቃታል። ፍየል እንኳ ጥላ ፈልጋ ትጋደማለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያች ሰዓት፣ ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከሹራቡ ሥር ላስቲክ የለበሰ ወጣት ሲሮጥ አየሁ። እብድ መስሎኝ ነበር። አብሮኝ የነበረው የአገሬው ሰው ግን ሳቅ ብሎ «ቦክሰኛ ነው፤ ኪሎ እየጣለ ነው» አለኝ።

ይህ እንግዲህ ወሎ ነው! በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወገን እንደ ቅጠል የረገፈበት አገር። እዚህ ምድር ላይ፣ ጾም ሳይሆን፣ ሮመዳን ሳይሆን፣ ወዶና ፈቅዶ የሚራብ ጎረምሳ አለ ብሎ ለአንዲት አሮጊት ማስረዳት እንዴት ይቻላል?

ልጁን ማታ አገኘሁት። ስሙን አልጠቅስም። 55 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚጋጠመው ግን በ51 ነው። አራት ኪሎ መጣል አለበት ማለት ነው። (አራት ኪሎ ስል ክብደቱን ነው፤ ቤተ መንግሥቱን አላልኩም!) «ለምን በ57 አትጋጠምም?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ እዚያማ 60 እና 61 የነበሩት ወርደው ነው የሚጠብቁኝ» አለኝ።

የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህች መልስ ውስጥ ነው። የክብደት ምድብ የተፈጠረው ትንሹ በትልቁ እንዳይደበደብ ነበር። ዛሬ ግን ከቡጢው በፊት ሌላ ውድድር አለ፤ የመድረቅ ውድድር። በተፈጥሮ ክብደቱ የሚጋጠም ሐቀኛ ልጅ ካለ ተደብዳቢው እሱ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይወርዳል፤ ሁሉም በወረደ ቁጥር ደግሞ የመጨረሻው ቀጭን መውረጃ ያጣል።

እንዴት ይወርዳሉ? ጨው ይተዋሉ። እንጀራዋን ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ ያደርጓታል። በመጨረሻው ሌሊት ውኃ የለም፤ ማስቲካ እያኘኩ ምራቃቸውን በጣሳ ይተፋሉ። ረሃቡን ለመርሳት ጫት የሚቅም አለ። ለትል የሚጠጣውን ኮሶ ለሚዛን ሲል የጠጣም እንዳለ ሰምቻለሁ። ይባስ ብሎ ያለ ሐኪም ወረቀት ላሲክስ ገዝቶ የሚውጥ አለ፤ ይህ የሽንት ኪኒን በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ የተከለከለ መሆኑን ግን የነገረው የለም።

የሚወርደው ስብ ቢሆን ባልከፋ። ከእነዚህ ልጆች ላይ ምን ስብ ይወርዳል! የሚወርደው ውኃ ነው። ሰው ከክብደቱ ሁለት በመቶ ያህል ውኃ ሲያጣ አቅሙ መድከም እንደሚጀምር የስፖርት ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ለ55 ኪሎ ልጅ ይህ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ብቻ ነው። እሱ አራት ኪሎ ይጥላል። ደሙ ይወፍራል፣ ልቡ ይቸኩላል። እንዲህ ሆኖ ነው ጭንቅላቱን ለቡጢ የሚሰጠው።

በአማተር ቦክስ ደግሞ ልኬቱ ጠዋት ነው፤ ግጥሚያው እዚያው ቀን። ቦክሰኛው በሚጋጠምበት ቀን ሁሉ እንደገና ይመዘናል። ደመወዝተኛው የክለብ ቦክሰኛ ቀደም ብሎ ይገባል፤ አልጋ አለው፣ ወጌሻ አለው፣ ከሚዛን ሲወርድ ሾርባ ይጠብቀዋል። የእኛ ልጅ በሚኒባስ ተጨናንቆ ይደርሳል፤ አበሉ የሚከፈለው ውድድሩ ሲያልቅ ነው (ከተከፈለ!)። ሁለቱም ሚዛን ላይ 51 ናቸው። ሪንግ ውስጥስ?

አንድ አሠልጣኝ ይህን ሳነሳባቸው «ሁሉም ስለሚያደርገው እኩል ነው» አሉኝ። ወይ እኩልነት! ገበያው ውስጥ ሁሉም ነጋዴ ሚዛን ስለሚሰርቅ ሸማቹ አልተበደለም እንደማለት ነው።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም፤ ሀብታሞቹም ቀብረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ነፃ ትግል ተወዳዳሪዎች ኪሎ ሲጥሉ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሞቱ። ያኔ ነው ላስቲክ ልብሱ፣ የእንፋሎት ክፍሉና የሽንት ኪኒኑ የታገደው፤ የሽንት ምርመራም የመጣው። በ2000 ኒውዮርክ ላይ አርቱሮ ጋቲና ጆይ ጋማሽ 64 ኪሎ ገደማ በሆነ ወሰን ከግጥሚያው አንድ ቀን በፊት ተመዘኑ። በማግስቱ ሪንግ ሊገቡ ሲሉ ጋቲ 72 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ጋማሽ 66 ገደማ ሆነው ተገኙ። ጋማሽ በሁለተኛው ዙር በዝረራ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ አልተጋጠመም። ክስ መሥርቶ ነበር። ዳኛው በ2010 ልኬቱ በአግባቡ አልተካሄደም አሉ፤ ካሳ ግን አልፈረዱለትም። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ሕንዳዊቷ የነፃ ትግል ተወዳዳሪ ቪኔሽ ፎጋት ለፍጻሜ ከደረሰች በኋላ በ50 ኪሎ ምድብ 100 ግራም በልጣ ተገኘችና ተባረረች። ሌሊቱን ስትደርቅ ያደረች ሴት ናት። አንድ መቶ ግራም!

ሌላም አለ፤ ስለዚህኛው የሚናገር አላየሁም። ኦሊምፒኩ ራሱ ቀጫጮቹን እየገፋ ነው። ሲድኒ 2000 ላይ ለወንዶች 12 ምድቦች ነበሩ፤ ፓሪስ 2024 ላይ ሰባት ቀሩ። ሲድኒ ላይ እስከ 57 ኪሎ ድረስ አራት ምድብ ነበር፤ 48፣ 51፣ 54፣ 57። ፓሪስ ላይ ሁለት ሆኑ፤ 51 እና 57። የግዙፎቹ ሁለት ምድቦች ግን እንዳሉ ናቸው! ለሴቶች ቦታ መገኘቱን እደግፋለሁ፤ የሚቆረቁረኝ ቦታው ከማን ተቆርጦ እንደተሰጠ ነው። የኛ ልጆች ግዙፎች አይደሉም። ቤጂንግ 2008 ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተጋጠመው ሞላ ጌታቸው በ51 ኪሎ ነበር። ከሩጫ ውጪ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አግኝተን አናውቅም፤ ቦክስ ላይ ተስፋ ካለን ያለው ታች ነው፣ ታቹ ደግሞ እየተዘጋ ነው።

ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ ስታዲየም 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። እሰየው፤ በእግር ኳስ አልቀናም። ግን ያ ልጅ ክብደቱን ይለካ የነበረው የት እንደነበር ልንገራችሁ? እህል ነጋዴ ሱቅ፣ ማሽላ በሚመዘንበት። ውድድሩ ቦታ ሲደርስ የእነሱ ሚዛን ከማሽላው ሚዛን ጋር አልተስማማም፤ 300 ግራም በልጧል ተባለ። ሰዓት ተሰጠው። ላስቲኩን ለብሶ ሮጠ፣ ተፋ፣ ፀጉሩን ተላጨ። አለፈ። በሁለተኛው ዙር ዳኛው ግጥሚያውን አቋረጡት፤ ሐኪም ሳይሆን ጓደኛው ቀርቦ «የት ነው ያለኸው?» ሲለው «መርሳ» አለ። መርሳ አልነበረም።

ባለሥልጣኖቻችን ሲጠየቁ መልሳቸው «በጀት የለም» ነው። እኔ የምለው ብዙ በጀት አይጠይቅም። ቦክሰኛው በዓመቱ መጀመሪያ ጠግቦ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ ይመዘንና ይመዝገብ፤ ከዚያ ከአንድ ምድብ በላይ መውረድ አይፈቀድለት። የውድድሩ ሚዛን በዋዜማው ለሁሉም ይከፈት። ውኃ ማጣትን የሚያሳይ የሽንት መለኪያ ከጓንት የሚወደድ ዕቃ አይደለም፤ የደረቀ ልጅ ሪንግ አይግባ። አበል የሚባለው ነገር ደግሞ ከሚዛን ሲወርዱ እዚያው በእጃቸው ይሰጥ፣ ምሳ የሚበላው ከግጥሚያ በፊት ነውና።

ልጁን ባለፈው መርሳ ላይ አገኘሁት። ባጃጅ ይነዳል፤ ራስ ምታቱ እየተመላለሰ ያስቸግረዋል። 60 ኪሎ ገብቷል። ታናሽ ወንድሙ ግን ቦክስ ጀምሯል። «ስንት ኪሎ ነው?» አልኩት። «52» አለኝ፤ «በ48 ሊያጋጥሙት ነው።»