እናት ከአገር ቤት ስትመጣ

ዛሬ የፍቅር ጨዋታውን ለሳምንት እናቆየውና ስለ እንግዳ እናውጋ።

አንድ የእነዋሪ ልጅ ወዳጅ አለኝ። ሥራ በያዘ በሦስተኛው ዓመት እናቱን አስመጣ። እናት ቅቤያቸውን ቋጥረው፣ አዲስ ነጠላ አጣፍተው ላምበረት መናኸሪያ ወረዱ። ልጅ ሆዬ በማግስቱ ኮንትራት ታክሲ ይዞ ቦሌ፣ መገናኛ፣ መርካቶ እያለ ሲያዞራቸው ዋለ። ማታ «እማዬ፣ ምን አየሽ?» ቢላቸው «መኪና!» አሉት። ሊሄዱ ሲሉ ነው «ምኒልክ የነገሡበትን ደብር ሳልሳለም…» ብለው ጀምረው የተዉት። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ተመልሰው ይመጡ እንደሆነ እንጃ። ወዳጄን እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ታዲያላችሁ፣ እናንተንም እንዳይቆጫችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። «አንተን ካየሁ ይበቃኛል» ቢሏችሁ አትመኑ፤ ደግማችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ጉዞውን ከላይ ወደ ታች አድርጉት፤ ለጉልበት ይበጃል። በጠዋት፣ እህል ሳይቀመስ፣ እንጦጦ ማርያም ውጡ። ለሰሜን ሸዋ ሰው ምኒልክ የአገር ልጅ ናቸው፤ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አንጎለላ ነው። ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት ደግሞ በ1882 ዓ.ም. እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ብርዱ ቀላል አይደለምና ጋቢ ያዙ። ከተሳለሙ በኋላ ቁርስ! (ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም መሆኑን እንዳትረሱ።)

ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ የሐበሻ ልብስ ተራ አለላችሁ። ዋጋውን እናት ይከራከሩ፤ ከእናንተ ይሻላሉ።

ቀጥሎ ስድስት ኪሎ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ሙዚየም የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የጃንሆይን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ታሳዩአቸዋላችሁ። ደረጃ ስላለው አታጣድፏቸው። በር ላይ መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል፤ የእርሳቸውንም ያዙ። የመክፈቻ ሰዓቱን ቀድማችሁ ማጣራት ነው።

አቅም ከተረፈ ብቻ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወረድ በሉ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተው ድንቅነሽ እዚያ ናት፤ ለዕይታ የቀረበው ቅጂዋ ነው። በ1 ቀን ይሄ ይበቃል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የፒያሳውን የዓድዋ መታሰቢያ ለማግስቱ አቆዩት።

ሁለት ነገር ልጨምር። «ስንት ከፈልክ?» ሲሏችሁ ግማሹን ንገሯቸው፤ አለዚያ ምሳው አይዋጥላቸውም። ፎቶም አንሷቸው፤ ግን አሳጥባችሁ በፍሬም ስጧቸው። ስልክ ውስጥ የቀረ ፎቶ እነዋሪ ላይ ግድግዳ አይሰቀልም፤ ጎረቤትም አያየውም።

ወዳጄ ለጥቅምት እንደገና ሊያስመጣቸው ነው። አሁን መጀመሪያ የት እንደሚወስዳቸው ያውቃል።

ሳምንት ሰላም ያገናኘን!