ስኳርህ ስንት ገባ?

“ስኳርህ ስንት ገባ?” ይለኛል አንድ ወዳጄ ገና ከሰላምታው። ልክ የኪሎ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው። እኔም ቁጥሬን እነግረዋለሁ። ከፍ ካለ “ምን በልተህ ነው?” ይላል፤ ዝቅ ካለ “ጎሽ!” ይላል። ዓይነት ሁለት የሚባለውን ስኳር ይዤ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። “አንተስ እንዴት ነህ?” ያለኝ ሰው ግን... እስቲ ልቁጠር... የለም።

ሐኪም ቤቱም ከወዳጄ አይሻልም። የመጀመሪያ ቀን ውጤቴን የተመለከተው ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ “ስኳር አለብዎት። ጣፋጭ ይተዉ፣ ጮማ ይተዉ፣ መጠጥ ይተዉ፣ በእግርዎ ይሂዱ” ብሎ ሜትፎርሚን ጻፈልኝ። አለቀ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ደጅ አርባ ሰው ይጠብቀዋልና አልፈርድበትም። እኔ ግን ስወጣ የማስበው ስለ ጮማ አልነበረም። በዚሁ በሽታ እግሩን ስለተቆረጠው አባቴ ነበር የማስበው። ይህን ለማን ይነግሩታል? አንድ ጊዜ ደፈር ብዬ “ዶክተር፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል” ብለው፣ “ምነው፣ አማኑኤል ልጻፍልዎት እንዴ?” ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ስለ እንቅልፍ ተናግሬ አላውቅም።

አሁን አንድ ምስጢር ላውጣ። ቀጠሮዬ ሦስት ቀን ሲቀረው እራት እተዋለሁ። ኪኒኑን ሲዘል የከረመው ሰውዬ ድንገት ሰዓት አክባሪ ይሆናል። ጠዋት በባዶ ሆዴ ሄጄ ደም ስሰጥ ቁጥሩ ያማረ ነው። ሐኪሙ “በርቱ!” ይለኛል። እኔም ወጥቼ ፊት ለፊት ካለው ኬክ ቤት... ይቅር፣ ልተወው። ይህን የማደርገው እኔ ብቻ እየመሰለኝ ስንት ዘመን አፈርኩ! ለካ ወረፋ ላይ አብሮኝ የሚቀመጠውም ከእኔ አይሻልም። አንዲት እናት “ስኳሩንስ ለምጄዋለሁ፤ የምፈራው ቁጣውን ነው” ብለውኛል። የጾም ስኳር የሚናገረው የዚያን ጠዋት ነገር ብቻ ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ያጋልጠን ነበር፤ እሱ ደግሞ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ እኛ እንዋሻለን፣ ሐኪሙ በውሸታችን ላይ መድኃኒት ያዛል፣ ዓይናችንና ኩላሊታችን ግን አይታለሉም።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ አበው። እሺ። ማን አስደበቀን?

የመርፌው ነገር ደግሞ ይብሳል። ኢንሱሊን በ1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከሞት አፋፍ የመለሰ መድኃኒት ነው። እኛ ዘንድ ዱላ ሆኗል። “እንዲህ ከቀጠሉ መርፌ ነው የማዝልዎት!” ተብያለሁ፣ ልክ እንደ ሕፃን። ዓይነት ሁለት ስኳር ግን ጨዋም ብትሆን፣ ታዛዥም ብትሆን፣ ዓመታት በገፉ ቁጥር ቆሽት እየደከመ የሚሄድበት በሽታ ነው። ብዙ ሰው መጨረሻው ኢንሱሊን የሚሆነው አጥፍቶ ስለሆነ አይደለም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ፣ የታዘዘልኝ ቀን ፍርድ ቤት የተፈረደብኝ መሰለኝ። ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጎን ሦስት ወር ሳይነካ ተቀመጠ።

ይህ የእኔ ቅብጠት አይደለም፤ ሌላው ዓለም ስም ሰጥቶታል። ፖሎንስኪ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር በ1995 እ.ኤ.አ. መጠይቅ አወጣ። ጥያቄዎቹ ስለ ፍርሃት፣ ራስን ስለ መውቀስ፣ ከበሽታው ጋር ብቻ ስለ መቅረት ናቸው። በሐኪምህ አለመርካትህ ሳይቀር ይጠየቃል! ስኳር ያለበት ሰው በድብርት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። የአሜሪካ የስኳር ማኅበርም በ2016 እ.ኤ.አ. ይህ ዓይነቱ ድጋፍ የሕክምናው አካል ይሁን የሚል መመሪያ አወጣ። ደግሞም ጭንቀት ሲበዛ ጉበት ራሱ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። እየተቆጡን ስኳር ይጨምሩብናል ማለት ነው።

“ቅንጦት ነው! መድኃኒቱ በሚጠፋበት አገር የምን ሥነ ልቦና?” የሚል አይጠፋም። እኛ እኮ ይህን ሥራ እናውቅበታለን! የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ምን እንደነበረ አስታውሱ። ከምርመራው በፊት ምክር፣ ከምርመራውም በኋላ ምክር ነበር። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ሠልጥነው፣ በየሆስፒታሉ ተቀምጠው “እኔም እንዳንተ ነበርኩ” ይሉ ነበር። እነ መቅድም፣ እነ ተስፋ ጎህ ያን ሁሉ መገለል ተጋፍጠው ስንቱን ከአልጋው አንስተዋል። የውጭ ገንዘብ ስለነበረ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግሎባል ፈንድም ፔፕፋርም ነበሩበት። “እኔም እንዳንተ ነበርኩ” ለማለት ግን ስንት ዶላር ይፈጃል? ወረፋ ስንጠብቅ የምንቀመጥበት አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰዉም በቀጠሮው ቀን ተሰብስቦ አለ። የጎደለው አንዲት ነርስና በወር አንድ ሰዓት ነው።

ቤተሰብም ይጠራ። ባለቤቴ ማዕድ ላይ ፖሊስ ሆናለች፤ እንግዳ ፊት እንጀራ ትቆጥርብኛለች። አልወቅሳትም፣ ሌላ መንገድ ያሳያት የለም። በሽታው መኝታ ቤታችን ስለገባበትስ? በአገራችን ይህን ለሐኪም የሚናገር ወንድ ስንት ነው? ሐኪሙም አይጠይቅ፣ እኛም አንናገር፣ ሚስት ደግሞ “ሌላ ለምዶ ይሆናል” እያለች ታለቅሳለች።

ቀጠሮዬ የፊታችን ሐሙስ ነው። በዚህ ሳምንት እራቴን አልተውኩም። ቁጥሩ እንደማያምር አውቃለሁ። “ምን በልተው ነው?” ሲለኝ የበላሁትን እነግረዋለሁ። ከዚያ ስለ አባቴ እግር እነግረዋለሁ። ደጅ ያሉት አርባ ሰዎች ትንሽ ይታገሱኛል።